ናፍጣን የካዱት ኦቦ ድሪባ

የኦቦ ድሪባን መሞት የሰማሁት ለነዳጅ በተሰለፈ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ቡራዩ ወዳለው ሥራዬ ልሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ናፍጣው ሊያልቅ ሲል፣ ሹፌሩ ከነተሳፋሪው ሄዶ ማደያው ሰልፍ ጭራ ላይ ቆመ። ረዳቱ «አይዟችሁ፣ ቶሎ ይደርሰናል» ይላል፤ ከፊታችን ያለው ሰልፍ ግን ማደያውን አያሳይም። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ለምን እንዳረፈደ ለአለቃው በስልክ ያስረዳል። ያኔ ነው የእኔም ስልክ የጮኸው።

አዴ ጫልቱ ነበረች፤ በተጂ መንገድ አዋሽ ዳር ሽንኩርት የምታለማ ወዳጄ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ሒሩት፣ ኦቦ ድሪባ ዱአን» አለችኝ።

ሞቱ ማለቷ ነው። አዴ ጫልቱ አማርኛ ትችላለች፤ ያን ቀን ግን ነገሩን በአፍ መፍቻዋ ካልሆነ በሌላ ቋንቋ ልትለው አልሆነላትም።

ከታክሲው ወረድኩ። ረዳቱ «እህት፣ ደረሰን እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሰልፉ ጎን ወደ ኋላ ስራመድ መሪያቸው ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉ ሹፌሮችን፣ ባዶ ጀሪካን ላይ የተቀመጡ ሰዎችን እያየሁ፣ ከእንባዬ በፊት ንዴቴ መጣ። ኦቦ ድሪባ እዚያ ቢቆሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ሰልፈኛው ሁሉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምን አንገታችሁን ደፍታችሁ ትጠብቃላችሁ? ቀና በሉ እንጂ!» ይሉ ነበር።

ያወቅኳቸው ሰበታ፣ አንድ ካርቶን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ስንሠራ ነው። እኔ ግዥ ክፍል አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ እሳቸው የጄኔሬተር ቤቱ ኃላፊ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፋብሪካው በሳቸው እጅ ነበር። የናፍጣ መጠየቂያ ላይ እንዲፈርሙልኝ የተላክሁ ቀን ማሽኑ እየሠራ ስለነበር፣ ገና ደጁ ላይ ሳልደርስ ደረቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስገባ አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ መዳፋቸውን የማሽኑ ጎን ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። የሚጸልዩ ነበር የመሰለኝ።

«ስምሽ ማነው?» ብለው ጮኹ።

«ሒሩት!»

«ብሩክ?»

«ሒሩት!»

«ለሴት ልጅ ብሩክ ብሎ ስም ያወጣ ማነው!» እያሉ ፈረሙልኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሩክ ስባል ከረምኩ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ ቆመው ጆሯቸውን ማሽኑ በልቶታል። ማሽኑን በመዳፋቸው የሚያዳምጡትም ለዚህ ነበር። እጃቸውን ያሳርፉና «ሦስተኛዋ አኩርፋለች» ይላሉ። ሦስተኛው ሲሊንደር ማለታቸው ነው። ሲፈታ እውነትም ሕመሙ እዚያ ይገኛል። ስሜን በትክክል ካወቁ በኋላም ደስ ሲላቸው «ብሩክ» ነበር የሚሉኝ።

አንድ ቀን እጃቸው ላይ ያለውን ዘይት በሰጋቱራና በሳሙና እያሹ ሲያስለቅቁ፣ «ኦቦ ድሪባ፣ ይህን ማሽን ምን ያህል ቢወዱት ነው እንዲህ የሚንከባከቡት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እወደዋለሁ ማን አለሽ? እጠላዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጠላትሽን ዓይንሽን ሳትነቅዪ ነው የምትጠብቂው» አሉና እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ ደጅ ይዘውኝ ወጡና የናፍጣውን በርሜል በእግራቸው መታ አደረጉት።

«ይሄ ከማናውቀው አገር ጉድጓድ ይወጣል። ባሕር ይሻገራል። ወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል። ከዚያ በቦቴ ተጭኖ ስንቱን ኬላ አልፎ ሰበታ ይደርስና በዚያች ቱቦ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ግማሹም እኔ ደረት ውስጥ ይገባል። አንሰጥም ያሉን ቀንስ? መንገዱ የተዘጋ ቀንስ? እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው?» አሉና ሳል ያዛቸው። ሳላቸው ደረቅና ረጅም ነበር። ሲለቃቸው በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። «ፀሐይ ኬላ የላትም፣ ኢንተላ ኮ።»

ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ ብዬ ነበር የሰማኋቸው። የተቀጠርኩት ናፍጣ ለመፈለግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማደያ ለማደያ ስደውል የምውል ሰው ፀሐይ ቀና ብዬ የማይበት ጊዜም አልነበረኝም።

ነዳጅ እንደ ልብ በማይገኝበት አንድ ወቅት ኦቦ ድሪባ ሐሳባቸውን በእጃቸው ጽፈው ለስብሰባ አቀረቡ። ትላልቆቹን ማሽኖች አላሉም። ቢሮውን፣ ክሊኒኩንና የውሃ ፓምፑን በሶላር እንጀምር፣ ናፍጣው ለቀረው ይተርፋል ነው ያሉት። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «ኦቦ ድሪባ፣ ፋብሪካ በኩራዝ አይሠራም» አለ።

ስብሰባው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ኦቦ ድሪባ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ «ኩራዝም እኮ ጋዝ ይፈልጋል ጌታዬ፤ እሱንም ከውጭ ነው የምናስመጣው» ብለው ተቀመጡ።

ዝም ግን አላሉም። በወሩ መጨረሻ አራት ያገለገሉ የሶላር ፓኔሎች ከመርካቶ አስጭነው መጡና፣ እዚያው የሚጠሉት ማሽን ቤት ጣራ ላይ በገዛ እጃቸው ተከሏቸው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ መብራት በጠፋበት ጊዜ ናፍጣውም አለቀና ፋብሪካው ሁለት ቀን ጭጭ አለ። በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ አምፖል የሚበራው፣ ማራገቢያም የሚዞረው ጄኔሬተር ቤት ብቻ ሆነ። ከወላይታና ከሐዲያ መጥተው ካርቶን የሚያጣጥፉት ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ተሰለፉ። አብዛኞቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ «ጌታ ይባርኮት አባባ!» እያሉ ሲመርቋቸው ኦቦ ድሪባ ግማሹን እየሰሙ ግማሹን ከከንፈራቸው እያነበቡ ይስቃሉ።

በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሰልፉን አየ፣ ጣራውን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው። አሁኑኑ ይውረድ!»

ኦቦ ድሪባ መሰላሉን አቁመው ወጡ። ሊፈቱት ነው ብለን ስንጠብቅ በሁለት ፓኔሎች መካከል እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

«እንግዲህ እኔንም አብራችሁ አውርዱኝ!»

ያን ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ካፊያው ጀምሮ ወደ ዶፍ ሲለወጥ ሴቶቹ ላስቲክ ወረወሩላቸው፤ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ገብቶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩ። ፈረመና «ስጫቸው» አለኝ።

በዚያ ዝናብ መሰላሉን የወጣሁበትን ጊዜ ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። ደብዳቤውን ከሸሚዜ ውስጥ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ከላስቲኩ ሥር ይዘው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ» አልኩ።

«አጻጻፍሽ ያምራል» አሉኝ። ደብዳቤውን ለአራት አጠፉና፣ ንፋሱ የሚያንገጫግጨው አንደኛው ፓኔል እግር ሥር ሸጎጡት። በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ፈተሹት። አልነቃነቅ አለ።

«ይሄኛው ሲያነክስ ነበር የከረመው። ገለቶሚ፣ ብሩክ» ብለው አመሰገኑኝ።

ከታች የሚመለከተው ሠራተኛ እልል አለ። ያን ቀን ማንም ሊያወርዳቸው አልደፈረም። ሲመሽ መብራቱ መጣና ነገሩ በዚያው የበረደ መሰለ። ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጡረታቸው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከሥራ ተሰናበቱ። ፓኔሎቻቸውን ራሳቸው ፈትተው ጋሪ ላይ ጫኑ። ጥበቃው አፍሮ፣ «ኦቦ፣ በትንሹ በር ይውጡ፤ ትልቁ የሚከፈተው ለመኪና ነው» አላቸው።

«ጋሪስ ጎማ የለውም?» አሉት።

ትልቁ በር ተከፈተ። ከፈረሱ ጎን እየተራመዱ በመሃል በር ወጡ። ሠራተኛው ሊሸኛቸው ወጥቶ ነበር። እኔ ቢሮዬ ውስጥ መስኮት ላይ ቆሜ አየሁ። አልወጣሁም። ደብዳቤውን ከመጻፌ ይልቅ ያቺ መስኮት ላይ የቆምኩባት ደቂቃ ናት የምትቆጨኝ።

ፋብሪካውን ለቅቄ ቡራዩ ሌላ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ አንድ እሑድ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሰበታ ቤታቸው ሄድኩ። «ማሳ ናቸው» አሉኝ። «የምን ማሳ?» «የሽንኩርት።» በተጂ መንገድ ሄጄ፣ አዋሽ ዳር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ጭቃ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታዬን ገና ስጀምረው፣ «ይሄን ሽቦ ያዢልኝ» አሉኝ። ይቅርታው በዚያው አለቀ።

አዴ ጫልቱን ያወቅኳት ያን ቀን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሽንኩርቱን ብቻዋን የምታለማ፣ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ወንዙ ከማሳዋ አጠገብ ይፈስሳል፤ ሽንኩርቷ ግን ይጠወልጋል። ውሃውን የሚስበው ሞተር የሚጠጣው ናፍጣ ነዋ! ማደያዎች በጀሪካን መቅዳት ከልክለዋል። የቀራት ሽብሩ የሚባል ባለሱቅ ከጓሮው ደብቆ የሚሸጠው ብቻ ነበር፤ እሱም ዋጋውን እንደ ሽንኩርቱ ጥማት ነው የሚጨምረው። የቅጠሎቹ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ያ ምርት ከጠፋ መሬቱን ለሌላ ሰው ለቅቃ መውጣቷ ነበር።

ኦቦ ድሪባ ፓምፑን ከናፍጣ ሞተሩ ፈትተው ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አጣምረውታል። የአካባቢው ገበሬ ጉዱን ሊያይ ተሰብስቧል።

«ደመና ሲሆንስ?» አለ አንዱ።

«ደመና ሲሆን ዝናብ ይመጣል! ዝናብ ከመጣ ፓምፕ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። ሰዉ ሳቀ።

ሲያስነሱት ግን ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ። አራቱ ፓኔሎች አቅም አነሳቸውና ከቱቦው የመጣው ውሃ የሕፃን ሽንት ያህል ነበር። ሽብሩም ከመንገዱ ዳር ቆሞ እያየ፣ «ኦቦ፣ እኔ ጋ ጀሪካን አለ!» ብሎ ተጣራ።

አዴ ጫልቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኦቦ ድሪባ ግን ጎንበስ ብለው ያቺን ቀጭን ውሃ በእፍኛቸው ተቀበሏት።

«መጣ አይደል? አነሰ እንጂ አልቀረም።»

ያነሰውን ለመሙላት በሳምንቱ ሦስታችን ሱሉልታ ሄድን። ሊፈርስ የተወሰነበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ጣራው ላይ አቧራ የለበሱ ብዙ ፓኔሎች ነበሩት። ባለቤቱ «ቆርቆሮውን ካወረዳችሁልኝ ፓኔሉን ውሰዱ» አላቸው። የሱሉልታ ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ኦቦ ድሪባ አሥር ሚስማር ይነቅሉና ተቀምጠው ይስላሉ፤ ተነስተው ደግሞ አሥር ይነቅላሉ። «ይረፉ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ብንላቸው የማይሰሙ መሰሉ። ሲያሻቸው ደንቆሮነታቸውን መሸሸጊያ ያደርጉት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከወረዱት ፓኔሎች ደህናውን ከበሽተኛው መለየት ነበረብን። ኦቦ ድሪባ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን ለአዴ ጫልቱ ዘረጉላት።

«እኔ? ፊደል አልቆጠርኩም እኮ ኦቦ!»

«ስልክ ትደውዪ የለም?»

«እደውላለሁ።»

«እንግዲያው ቁጥር ታውቂያለሽ። ቀዩን እዚህ፣ ጥቁሩን እዚያ። በይ።»

ሽቦዎቹን አገናኘች። መለኪያው ላይ ቁጥሩ ብቅ ሲል በፍርሃት ልትጥለው ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ግን ሁሉንም ለካች፤ ማታ ወደ ሰበታ ስንመለስ በጭነት መኪናው ላይ ከፓኔሎቹ መሃል ተቀምጣ፣ የትኛው ፓኔል ምን ያህል እንደሰጠ በቃሏ ታወራልን ነበር። ኦቦ ድሪባ እያዩኝ፣ «ሰማሻት?» አሉ። እሳቸው እንኳ ሰምተዋት ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ቱቦው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ የሰው ክንድ የሚያህል ውሃ ዘርግፎ ቦዩን ሞላው። ምንም ድምፅ የለም፤ የውሃው ብቻ። «ቢሻን ዱፌ!» ብላ አዴ ጫልቱ ከነጫማዋ ቦዩ ውስጥ ዘለለች። ውሃ መጣ ማለቷ ነበር። ኦቦ ድሪባ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳረፉ።

ደስታው ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። የገበያ ዕለት ሰዉ ተጂ ወርዶ ሳለ ሰዎች መጥተው ፓኔሎቹን በድንጋይ ፈነካክተው፣ ሽቦውን ቆራርጠው ወሰዱት። በማግስቱ ስደርስ አዴ ጫልቱ ስብርባሪው መሃል ተቀምጣለች።

«በቃኝ» አለች። «አንዴ ናፍጣ ይጠፋል፣ አንዴ ሰው ይሰብራል። ትቼ ልሂድ።»

ሁሉም ሰው ሽብሩን ነበር የጠረጠረው። ወጣቶቹ ሱቁን ሊያፈርሱ ተነሱ። ኦቦ ድሪባ ከፊታቸው ቆሙ። «ማንም እንዳይከተለኝ! ሒሩት ትበቃኛለች» አሉ። እኔን የወሰዱኝ ሽብሩ የሚለውን ጆሯቸው ሥር እንድደግምላቸው ነው።

ሽብሩ ገና ስንገባ፣ «እኔ አልሰበርኩም! ናፍጣ ሸጥኩ እንጂ ቤት አልዘረፍኩም!» አለ። ደገምኩላቸው።

«ሰበርክ አላልኩህም» አሉት። «እኔም ዕድሜዬን ናፍጣ ሳቃጥል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከአንተ አልሻልም። የመጣሁት ሌላ ልነግርህ ነው። እሑድ መልሰን እንተክለዋለን። የሚሰብሩትን ካወቅሃቸው ንገርልኝ፤ ሰኞ ቢሰብሩት ማክሰኞ እንተክላለን። ማክሰኞ ቢሰብሩት ረቡዕ። እነሱ ድንጋይ መልቀም ይሰለቻቸዋል፤ እኛ አይሰለቸንም።»

«እርስዎ እኮ ታመዋል ኦቦ» አለ ሽብሩ፣ በክፋት አይደለም። «እስከ መቼ ሊሆን ነው?»

ይህን ለመድገም ከበደኝ። ግን ከከንፈሩ አንብበውት ነበር።

«እኔ እንተክላለን አልኩ እንጂ እተክላለሁ መች አልኩ?» ብለውት ወጡ።

ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አላወቅንም። እሑድ ግን ወንዙ ዳር ያለው ገበሬ ሁሉ መጣ። ከፊሉ ሽቦ፣ ከፊሉ እንጨት፣ አንዳንዱም ጉልበቱን ብቻ ይዞ። የተሰነጠቀ ፓኔል ጨርሶ አይሞትም፤ ደከም ብሎም ቢሆን ይሠራል። ኦቦ ድሪባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉና ለአዴ ጫልቱ፣ «እኔ ዛሬ አልነካም። አንቺ ግጠሚው» አሏት።

«ባበላሽስ?»

«ካበላሸሽ ትፈቺዋለሽ።»

ሁለቴ ተሳሳተች፤ ሁለቴም ፈታችው። ሦስተኛው ላይ ፓምፑ ተነሳ። ሽንኩርቱ ያን ዓመት ተረፈ፤ መሬቷንም አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ ያ ወንዝ ዳር ሌላ ሆነ። ጎረቤቷ ተከለ፣ የጎረቤቷም ጎረቤት ተከለ፤ ሲበላሽ የሚጠሩት እሷን ነው። ኦቦ ድሪባ ደግሞ በየማሳው እየዞሩ፣ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰድቧታል። «ሽቦ እንዲህ ይታሰራል? በግ ልታስሪ ነው?» ትስቃለች፤ ፈትታ ታስረዋለች።

በመጨረሻው ወራቸው ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሐኪሙ ሳንባቸው በጭስ የተጎዳ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ከአልጋ መነሳት እንደሌለባቸው ነገራቸው። ሲወጣ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ምን አለ?»

«ይረፉ አለ።»

«ሳንባዬን ናፍጣ በላው» አሉ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ በትንፋሽ እያራራቁ። «የቀረችኝን ግን አልሰጠውም። ጫማዬን ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። መስጠቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያን ሳምንት እንደገና ማሳ ወርደው፣ አዲስ የተተከለ ፓምፕ አይተው፣ ሁለት ሰው ተቆጥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም።

ቀብራቸው ላይ ከፋብሪካው ካርቶን አጣጣፊዎቹ ሴቶች መጥተው ነበር፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ሥራ ፈትቶ ያልመጣ የለም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ የሰበታ ነጋዴ፣ ለማጽናናት ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ትልቅ ሰው ነበሩ። ያ የፀሐይ ነገርም እንግዲህ ከሳቸው ጋር መቅረቱ ነው፤ ማን ይዞት ይቀጥላል?» አለ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዘችኝ። ወደ ጆሮዬ ቀረብ ብላ፣ «ሐሙስ ሆለታ እሄዳለሁ፤ ፓምፕ ይተከልልኝ ያለ ሰው አለ። ትመጫለሽ?» አለችኝ።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። መኪናው ማሳው ዳር ሲያወርደን ባለማሳው፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ሊቀበለን መጣ። «አካም ጅርቱ» ተባባልን። ፓኔሎቹን ቆጠረ። እኔን አየ፣ አዴ ጫልቱን አየ፤ ከዚያ ከኋላችን ባዶውን መኪና አየና፣ «ባለሙያው ወደ ኋላ ቀረ እንዴ?» አለ።

አዴ ጫልቱ መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ» አለችው። «ፀሐይዋ ሳታልፈን፣ ዶማ አምጣ።»